በጦር መርከብ ላይ የሚሣል ሳቅ

ሐዋርያው ጳውሎስ እስረኛ ሆኖ ወደ ሮም ሲወሰድ የተሳፈረባት መርከብ ተሰበረች፤ መልጣ በምትባል ደሴት ሦስት ወር ከረመ። ከዚያ በሌላ መርከብ ጉዞው ቀጠለ። ሉቃስ ይህን በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 28 ቁጥር 11 ሲጽፍ፣ ሁለተኛዋ መርከብ የእስክንድርያ እንደነበረችና የዲዮስቆሮስ ምልክት እንደነበረባት ሳይነግረን አላለፈም። ዲዮስቆሮስ የሚባሉት ካስቶርና ፖሉክስ ናቸው፤ የዚያ ዘመን መርከበኞች ማዕበል ሲነሣ የሚማጸኗቸው መንታ አማልክት። አቴና ላይ ጣዖታቱን ባየ ጊዜ መንፈሱ የተበሳጨበት ያው ጳውሎስ፣ እዚህ ላይ የጣዖት ምልክት ባለባት መርከብ ዝም ብሎ ተሳፈረ። ፋቁልኝ አላለም፤ ሌላ ፈልጉልኝም አላለም።

ይህ ዝምታ የሚያሳስበኝ የእንጀራዬ ጉዳይ ስለሆነ ነው። ባሕር ዳር የምኖር ሠዓሊ ነኝ። ዋናው ሥራዬ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ነው፤ እሱ ሲቀዘቅዝ የምግብ ቤት ግድግዳ፣ የባጃጅ ጀርባ፣ የጀልባ ጎን እሥላለሁ። ወደ ዘጌ መንገደኛ የሚያመላልስ አንድ ወጣት፣ አዲስ ላስጠገናት ጀልባው ጉማሬ እንድሥልለት መጣ። «ጋሼ፣ ጉማሬው ክላሽ ይያዝ። ጥርሱን ገልጦ ይሳቅ» አለኝ። በስልኩም በጦር መርከብና በባሕር ሰርጓጅ ላይ የተሣሉ ሥዕሎችን አሳየኝ፤ የሚያናፋ በሬ፣ ቶርፔዶ የምትጋልብ ትንኝ፣ የሚስቅ ዓሣ። ለምን እንደፈለገው ብጠይቀው «ሰው ያየውና ይስቃል፤ እኔም አልፈራም» አለ። ጊዜው የሚያስፈራ ነው፤ ዛሬ ጣና ላይ ጀልባ የሚነዳ ሰው የሚፈራው ነፋስና ማዕበል ብቻ አይደለም። ስለዚህ ሳቅሁበት አልልም። ሰው ሊገድልበት ወይም ሊሞትበት በሚሄድበት ነገር ላይ ሳቅ መሣል ይገባል ወይስ አይገባም የሚለውን ጥያቄ ግን ይዤው ቀረሁ። ላስብበት ብዬ ሸኘሁት።

በሬውን ላስቀድም፤ ከሁሉም የረበሸኝ እሱ ነው። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 1939፣ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ገና ሁለት ወር ሳይሞላው፣ ጉንተር ፕሪን የሚባል መኮንን የሚያዝዛት ዩ-47 የተባለች የጀርመን ባሕር ሰርጓጅ፣ በስኮትላንድ ሰሜን ስካፓ ፍሎው ወደሚባለው የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ሰፈር በሌሊት ሾልካ ገባች። መልሕቋን ጥላ የቆመችውን ሮያል ኦክ የተባለች ትልቅ የጦር መርከብ በቶርፔዶ መታች። መርከቧ በደቂቃዎች ውስጥ ተገልብጣ ሰጠመች። ከ800 በላይ ሰዎች ሞቱ። ከእነሱ ውስጥ ከ100 የሚበልጡት፣ እንግሊዞች በመዝገባቸው «ልጅ መርከበኛ» የሚሏቸው፣ 18 ዓመት ያልሞላቸው ነበሩ።

ዩ-47 ወደ አገሯ ስትመለስ፣ ገና ባሕር ላይ ሳለች፣ የፕሪን ምክትል የነበረው ኤንድራስ ከአንድ አስቂኝ የሥዕል ታሪክ ያየውን በሬ በማማዋ ላይ አሠፈረ። አንገቱን ደፍቶ ለመውጋት የተዘጋጀ፣ ካፍንጫው እንፋሎት የሚወጣ በሬ ነው። ወደቡ ሲደርሱ ሕዝቡ በሬውን አይቶ ጮቤ ረገጠ፤ ፕሪንም «የስካፓ ፍሎው በሬ» ተባለ። ቆይቶ ያው በሬ የአንድ ሙሉ የባሕር ሰርጓጅ ክፍል ዓርማ ሆነ።

በሙያዬ ዓይን ካየሁት ሥዕሉ ጎበዝ እጅ ያለበት ነው። በጥቂት መስመር ቁጣም ጨዋታም አለበት፤ ሕፃን ቢያየው ይወደዋል። የረበሸኝ የተሣለበት ሰዓት ነው። በሬው ከመግደሉ በፊት አልተሣለም። ወደ ስካፓ ፍሎው ሲገቡ ማማዋ ባዶ ነበር፤ ሰዎቹም እንደማንኛውም ሰው ፈርተው እንደነበር እገምታለሁ። ሥዕሉ የመጣው ከ800 ሰው በኋላ ነው። ከሞት በፊት የሚሣል ሳቅ ፍርሃትን ያስታግሣል፤ ወጣቱ ጀልበኛ የጠየቀኝም እሱን ነው። ከገደሉ በኋላ የሚሣለው ሳቅስ ምኑን ነው የሚያስታግሠው? እኔ እንደማስበው የሚያስታግሠው ሕሊናን ነው። እዚያ ማማ ላይ መታየት የነበረበት ሌላ ነገር አለ፤ በዘይት በተሸፈነ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ የሚዋኝ የ16 ዓመት ልጅ። በሬው የተቀመጠው በእሱ ቦታ ነው። ዩ-47 ራሷ እ.ኤ.አ. በማርች 1941 ከነመርከበኞቿ ጠፋች፤ እነሱም የእናት ልጆች ነበሩ።

ጎረቤቴ ጡረታ የወጡ የባሕር ኃይል ሰው ናቸው። ወጣትነታቸውን ምፅዋ ላይ ነው ያሳለፉት። ከአሜሪካ ተሰጥታ በጥር 1954 ዓ.ም. የባሕር ኃይላችን ባንዲራ መርከብ የሆነችውን «ኢትዮጵያ»ን ሲያነሡ ስለ ሰው የሚያወሩ ይመስላሉ። እሷም በ1983 ዓ.ም. ወደ የመን ሸሽታ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። ባሕር ኃይሉ እንደገና ሊቋቋም መሆኑና ማዘዣው ባሕር ዳር እንደሚሆን በ2012 ዓ.ም. ሲዘገብ፣ ጋዜጣውን ይዘው ቤቴ ድረስ መጥተው ነበር። ስለዚህ የጀልበኛውን ጥያቄ ያዋየሁት ለእሳቸው ነው።

«እኛ አንሥልም ነበር፤ ስም ግን እናወጣ ነበር» አሉኝ። እሳቸው ባገለገሉባት መርከብ ላይ የነበረውን መድፍ ተኳሾቹ በአንድ ሆዳም ወጥ ቤት ቅጽል ስም ይጠሩት ኖሯል። መድፉን ሲያጸዱ «ዛሬስ ምን በላህ?» እያሉ ይቀልዱበታል። ሌሊት ዘብ ላይ ሲቆሙ፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ ባሕሩ ጸጥ ሲል፣ ያቺን ስም አንዱ ካነሣት ሁሉም ይስቃል፤ ልባቸውም ይመለሳል። «ከተኮሳችሁ በኋላስ?» አልኋቸው። ቡናቸውን አስቀመጡ። «ከዚያ በኋላ ማንም በዚያ ስም አልጠራውም። ተማክረን አይደለም። አልወጣልንም።»

በሬውን ከሣለው መኮንንና ያቺን ስም ከተዋት ተኳሽ ማን ይበልጥ ጀግና እንደሆነ አላወዳድርም። ማን ሰው ሆኖ እንደቆየ ግን አውቃለሁ። ጳውሎስም ዝም ያለው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። ከመልጣ በፊት በነበረችው መርከብ ላይ 276 ነፍስ ሆነው፣ ፀሐይና ከዋክብት ሳይታዩአቸው፣ እስከ ዐሥራ አራተኛው ሌሊት ድረስ ማዕበል ሲያናውጣቸው ነበር። እንጨትና ውኃ ብቻ የቀረው ሰው ምን እንደሚጨብጥ አይቷል። የዲዮስቆሮስ ምልክት ስሕተት ቢሆንም የፈሪ ሰው ስሕተት ነው፤ በማንም ሬሳ ላይ የቆመ አይደለም።

ትንኟ ደግሞ ሌላ ነገር አስተማረችኝ። በዚያው ጦርነት የዋልት ዲዝኒ ድርጅት ለአሜሪካና ለአጋሮቿ ጦር ክፍሎች ከ1,200 በላይ ዓርማዎችን በነፃ ሠርቷል። ፈጣን ለሆኑት ትንንሽ የቶርፔዶ ጀልባዎች የሣለላቸው ቶርፔዶ የምትጋልብ ትንኝ ናት። ለካሊፎርኒያ ልጅ ትንኝ የምታሳክክ ነገር ናት፤ ስለዚህ ትስቃለች፣ ታስቃለች። ደንቢያና ፎገራ ላይ ያደገ ሰው ግን እንዴት አድርጎ ይስቃል? እ.ኤ.አ. በ1958 በኢትዮጵያ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ 150 ሺህ ያህል ሰው እንደጨረሰ ይገመታል፤ የጣና ዙሪያ ሜዳ ከዚያም በፊት ከዚያም በኋላ ልጆቹን ለትንኝ ገብሯል። እናቴ የወንድሟን ስም ስታነሣ አሁንም «ወባ የበላው» ትላለች። ሳቅ የሚያስቀው ያልተነካውን ነው። ስለዚህ በመሣሪያ ላይ የሚሣል ቀልድ ሁሉ፣ አውቆም ሳያውቅም፣ ተመልካቹን ሁለት ቦታ ይከፍለዋል፤ ሥዕሉን ከኋላ ሆኖ የሚያይና ሥዕሉ ወደ እሱ የሚመጣበት።

ሕይወት ያላቸው የመርከብ እንስሳት ግን ከሥዕሉ ይሻላሉ። እ.ኤ.አ. በ1915 የእንግሊዝ መርከበኞች ድሬስደን የተባለችውን የጀርመን መርከብ ከቺሊ ደሴቶች አጠገብ አጥቅተው፣ መርከቧ ከሰጠመች በኋላ፣ አንዲት አሳማ ስትዋኝ አዩ። አንዱ ዘልሎ ገብቶ፣ ራሱ ሊሰጥም ጥቂት ሲቀረው፣ አወጣት። በጠላት ባሕር ኃይል አድሚራል ስም ቲርፒትዝ አሏት፤ ሁሉም ጥሎ ሲሄድ መርከቧ ላይ ቀርታለችና የጀርመኖቹን የብረት መስቀል አስመስለው ኒሻን ሠሩላት። መጨረሻዋ አላማረም፤ ለበጎ አድራጎት ገንዘብ ማሰባሰቢያ ተሸጣ ታረደች። ቢሆንም የጠላትን አሳማ ለማዳን ውኃ ውስጥ የገባው ሰው ከአእምሮዬ አይጠፋም። እኛ የማንበላው፣ ብዙዎቻችን የምንጸየፈው እንስሳ ነው፤ ምሕረት ግን በእሱ በኩል ገባ። ሲሞን የተባለው ድመትም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1949 በቻይና ያንግትዜ ወንዝ ላይ አሜቲስት በተባለች መርከብ ውስጥ ሳለ በመድፍ ፍንጣሪ ቆስሎ፣ ቁስሉን ይዞ አይጥ ሲያድን፣ ለቆሰሉትም መርከበኞች አልጋ ላይ ሲተኛላቸው ነበር። እንዲህ ያለው እንስሳ በማንም አያላግጥም። ጥይቱ የሚመታው እሱንም ነው።

የእኛም ሰዎች ይህን ከጥንት ያውቁ ነበር፤ ስማቸውን ከፈረሳቸው ወሰዱ። አባ ታጠቅ፣ አባ በዝብዝ፣ አባ ዳኘው፣ አባ ነጋ፣ አባ ነፍሶ። ዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩት ትልቅ መድፍ ሴባስቶፖል ተባለ እንጂ የቀልድ ስም አልወጣለትም፤ በእሳቸውና በጦራቸው መካከል በጋለ ደም የሚሮጠው ፈረስ ነበር ስም የሚያወጣው። የራስ መኰንን ፈረስ ስም ቃኘው ነው። በ1943 ዓ.ም. ከጅቡቲ በአሜሪካ የወታደር ማጓጓዣ መርከብ ወደ ኮርያ የተሳፈረው ሻለቃ ይህንኑ ስም ይዞ ሄደ፤ ባሕር አይተው የማያውቁ የገበሬ ልጆች በሌላ አገር ባሕር ላይ በፈረስ ስም ተጠሩ። ኮርያ ላይ 121 ሞቱ። የእኛ ፉከራ ጠላትን አይሰድብም ማለቴ አይደለም፤ ይሰድባል። ፎካሪው ግን የሚቆመው ፊት ለፊት ነው፤ ሲፎክር ያየው ሰው በጦር ሊመልስለት ይችላል።

እዚህ ጣና ላይም የጦር መርከብ ለመሥራት የሞከሩት ራሳቸው ቴዎድሮስ ናቸው። እንግሊዛዊው እስረኛ ሐኪም ሄንሪ ብላንክ በጽሑፉ እንደተወው፣ ንጉሡ በ1858 ዓ.ም. ግድም በሐይቁ ዳር ሳሉ ከደንገል የተሠሩ፣ በጎናቸው በሰው እጅ የሚዞር መንኰራኩር ያላቸው ትልልቅ ጀልባዎች አሠርተው ነበር። ሙከራው አልሰመረላቸውም። ያ ጀልባ የጦር መርከብ ሆኖ ቢወጣ ኖሮ ማን ምን ይሥልበት ነበር ብዬ አስባለሁ። የሚሥሉት እኔን የመሰሉ ሰዎች ይሆኑ ነበር፤ በዚያን ጊዜ ሠዓሊ የሚገኘው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነውና።

ስለዚህ የእኛን ሥዕል መመርመር ግድ ሆነብኝ፤ የጀርመኑን በሬ ብቻ መውቀስ ቀላል ነው። ዘጌ ላይ ዑራ ኪዳነ ምሕረት የገባ ሰው የፈርዖን ሠራዊት በቀይ ባሕር ሲሰጥም የሚያሳየውን ሥዕል ያያል። ሠዓሊው ወታደሮቹን በራሱ ዘመን ጠመንጃ አስታጥቋቸዋል። አንዱ በራሱ ተዘቅዝቋል፣ የሌላው እጅ ብቻ ከውኃው ወጥቷል፣ ፈረስና ሰው ተደባልቋል። ልጆች ሲያዩት ይስቃሉ። ትልልቆቹም ፈገግ ይላሉ። እውነት ነው፣ ያስቃል፤ ያን ሁሉ ጠመንጃ የያዘ ኃይል በአንድ ትንፋሽ ሲገለበጥ ማየት ደስ ይላል፤ ያን ደስታ የሚያውቀው ጡብ ሲጥል የኖረ ባሪያ ነው። የሙሴ እኅት ማርያምም ከበሮዋን ይዛ ዘምራለች።

አይሁድ ግን በዚህ ቦታ ላይ የሚተርኩት አለ። ግብፃውያን ሲሰጥሙ መላእክት ሊዘምሩ ተነሡ፤ እግዚአብሔር ግን የእጄ ሥራዎች እየሰጠሙ እናንተ ትዘምራላችሁን ብሎ ገሠጻቸው ይላሉ። ሕዝቅኤልም በምዕራፍ 33 የኃጥእ ሞት እግዚአብሔርን ደስ እንደማያሰኘው ይናገራል። ከባርነት ያመለጠው ሰው ቢዘምር አልተከለከለም፤ ተግሣጹ የደረሰው ባሪያ ሆነው ለማያውቁት ለመላእክት ነው። እኔም ሙሴ ወይም ማርያም አይደለሁም። ጣና ዳር ተቀምጬ የሰው ሞት የምሥል ነኝ፤ ቦታዬ ወደ መላእክቱ ይጠጋል።

በዚያው ቤተ ክርስቲያን የበላዔ ሰብእ ታሪክም አለ። 78 ነፍስ የበላ ሰው፣ ለተጠማ በእመቤታችን ስም በሰጠው እፍኝ ውኃ ይድናል። አጋንንቱ ሚዛኑ ላይ ተንጠልጥለው ወደታች ይጎትታሉ፤ ሠዓሊው አስቀያሚ፣ ጥቁር፣ አስቂኝ አድርጎ ሠርቷቸዋል። ይህ ሳቅ ንጹሕ ነው። የሚወርደው በአጋንንት ላይ ብቻ ነው፤ በተበሉት ላይ አይወርድም፣ በበላውም ላይ አይወርድም።

ጉማሬውን ክላሽ አላስይዘውም ብዬ ይህን ሁሉ ለጀልበኛው ስነግረው ዝም ብሎ ሰማኝና ጠንካራውን ጥያቄ አመጣ። «እሺ ጋሼ፣ መርቆሬዎስን ትሥላለህ አይደል? ጦሩ የተሰካው ዘንዶ ላይ አይደለም፤ ሰው ላይ ነው።» እውነቱን ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስ ዘንዶ ነው የወጋው፤ ቅዱስ መርቆሬዎስ ግን በጥቁር ፈረሱ ላይ ሆኖ የሚወጋው ንጉሥ ዑልያኖስን ነው፤ በደምና በሥጋ የነበረ፣ እ.ኤ.አ. በ363 በፋርስ ጦርነት የሞተ ሰው። ይህን ሥዕል ለብዙ ደብር ሠርቻለሁ። ዝም ብዬ ላልፈው አልችልም ነበር።

መልሱን ያገኘሁት ከራሱ ከታሪኩ ነው። በስንክሳራችን ኅዳር 25 የሚታሰበው መርቆሬዎስ፣ ከሞተ ከመቶ ዓመት በኋላ ነው ዑልያኖስን የገደለው። ቅዱስ ባስልዮስ በሥዕሉ ፊት ሲጸልይ፣ ሰማዕቱ ከሥዕሉ ላይ ታጣ። ሲመለስ የጦሩ ጫፍ ደም ነበረበት። ሥዕሉ ራሱ ዘመቻ ሄደ ማለት ነው፤ ተመልሶም ደሙን አልጠረገም። ከዚያ በኋላ ያየው ሁሉ ምን እንደተደረገ ያያል። «የጀርመኑ በሬ ቀንዱ ላይ ምን አለ?» አልሁት። ስልኩን አውጥቶ አየ። ምንም የለም።

ለጀልባዋ የሠራሁለት ጉማሬ አፉን የከፈተ ነው፤ ክላሽ አልያዘም። ጉማሬ አፉን ሲከፍት ሳቅ ይመስላል፤ ማስፈራቱም ነው። መጽሐፈ ኢዮብ በምዕራፍ 40 ወንዙ ቢጎርፍ አይደነግጥም ይለዋል፤ ጀልበኛው የፈለገው ይህንኑ ነበር ብዬ አሰብሁ። እሱ ግን ሙሉ በሙሉ አልረካም። ክላሹ ቢኖር መንገደኛ ይበልጥ ይስቅ ነበር ብሏል፤ ሊሆን ይችላል።

የራሴ ሥራ ላይ ያለው ጥያቄ ግን ገና ነው። አንድ ደብር የቀይ ባሕርን መሻገር አዝዞኛል። በአገራችን የሥዕል ወግ ጻድቅ በሁለት ዓይን፣ ክፉ ሰው ፊቱን ወደ ጎን አዙሮ በአንድ ዓይን ይሣላል። የሚሰጥሙትን ወታደሮች በሁለት ዓይን ላደርጋቸው ፈለግሁ፤ ሕዝቡ ሲስቅ እነሱም መልሰው እንዲያዩት። ወግ ስለሆነ በራሴ አላደርገውም አልሁና ንድፉን ለደብሩ አለቃ ወሰድሁት። አለቃው መነጽራቸውን አድርገው ረጅም ጊዜ አዩት። «ሕዝቡ ጻድቅ ይመስሉታል» አሉ። «ሰው ይመስሉት ብዬ ነው አባታችን» አልሁ። ፈርዖንን በአንድ ዓይኑ እንድተወው፣ ከወታደሮቹ ግን አንዱን፣ ጠመንጃውን የጣለውን፣ በሁለት ዓይን እንድሞክረውና የደብሩ ጉባኤ አይቶት እንዲወስን አሉኝ። አቡጀዲውን ለጥፌ ጨርሻለሁ። የምከራከረው ጉባኤው ፊት ነው፤ አንዱ ከተፈቀደ ሁለተኛውንና ሦስተኛውንም እጠይቃለሁ።